ከጠፈጠፉ ስር

የኛ ቤተ ክርስቲያን እስካሁን ሦስት ጣሪያ ለውጣለች። የመጀመሪያው ሣር ነበር፤ እሱን እኔ አልደረስኩበትም። ያሠሩት ከሩቅ አገር የመጡ ሁለት አባቶች ናቸው ይባላል። ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ወለሉ አፈር፣ ደወሉ ደግሞ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር አሉ። አንድ ቀን ሠርግ እየተባረከ ሳለ ከሻማ የተነሣ እሳት ሣሩን በላው። ሙሽሮቹ ሮጠው ወጡ፣ ግድግዳው ብቻ ጠቁሮ ቀረ። ሁለተኛው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። አባዬ ወደዚህ ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ያንን ቆርቆሮ ከመቱት ልጆች አንዱ እሱ ነበር። ሦስተኛው አሁን ያለው ነው። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ሁለተኛው እንዴት በሦስተኛው እንደተተካ ነው። ጽሑፍ ለምዶብኝ አያውቅም፣ ግን እኔ ካልጻፍኩት ማን እንደሚጽፈው አላውቅም።

አባዬ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። ሱቁ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ የብስክሌት ጠጋኝ ጎን ነው። ባልዲ ይሠራል፣ ማንቆርቆሪያ ይበይዳል፣ የጭስ መውጫ ያጥፋል። ዋናው ሥራው ግን አሸንዳ ነው። ከተማችን ዝናብ አታጣም፤ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ግንበኛውን፣ መጨረሻ ላይ አባዬን ይጠራል። እንዲያውም ስሙን ረስተውት ጋሽ አሸንዳ ነበር የሚሉት። ዕድሜ ልኩን ላሜራ ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጆሮው ስለደከመ ቀስ ብሎ ማውራት አይችልም። ሚስጥር ልንገርሽ ብሎ ሲጀምር ጎረቤቱ በሙሉ ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል። ኑዛዜ ሲገባማ ውጭ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አብሮት ይናዘዝ ነበር። በኋላ ትልቁ አባ፣ ማለት የድሮው ቆሞሳችንና የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ፣ ሰው በሌለበት ቀን ብቻህን ና ብለውት ተገላገሉ።

ቆርቆሮው ሲመታ ለጣሪያው ብቻ ነው የበቃው። አሸንዳው በኋላ ይደረጋል ተባለ። ያ በኋላ የሚባለው ነገር ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። ስለዚህ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያውን ይንጠባጠባል፤ ጠፈጠፉ መሬቱ ላይ ቀጭን መስመር ሠርቶ ነበር፣ አፈሩ ተጠርጎ ጠጠሩ ብቻ የቀረ። ልጆች ሆነን በዚያ መስመር ላይ እየረገጥን ቤተ ክርስቲያኑን እንዞር ነበር። እማዬ ካየች ግን ከኋላ በኩል እንዳንረግጥ ትከለክለናለች። ለምን እንደሆነ አትናገርም፣ ትቆጣለች ብቻ።

ከኔ በፊት አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ይሄን ነፍስ ካወቅኩ በኋላ ነው የሰማሁት፣ ያውም ከእማዬ አፍ በቁርጥራጭ። ልጅቷ ያለ ጊዜዋ መጣች። ክረምት ነበር፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አዋላጇ አልደረሰችም። እማዬ ብዙ ደም ፈሷት ራሷን ስታለች። አባዬ ሕፃኗን በእጁ ይዟት ቆመ። ትተነፍሳለች፣ ግን እንደ ድመት ግልገል ነበር ትንፋሿ አለኝ አንድ ቀን፣ ያውም እየጮኸ፣ በዚያ በማይታዘዝለት ድምፁ። በጨርቅ ጠቅልሎ ከእማዬ ጎን አስተኛትና ወደ አባቶች ቤት ሮጠ። ትልቁ አባ የሉም፣ ገጠር ለታመመ ሰው ሄደዋል። ካቴኪስቱን አገኘው። ካቴኪስቱ ቀጭን፣ ሳል የማይለቀው ሽማግሌ ነበር፤ ትምህርተ ክርስቶስ ለከተማው ልጅ ሁሉ ያስተማረ እሱ ነው፣ አባዬንም ጭምር። ሁለቱ እየሮጡ ሲመለሱ ሕፃኗ አልፋለች።

ካቴኪስቱ ዞር ብሎ ያየው ማዕዘን ላይ ያለውን እንስራ ነው። ውሃ ሙሉ ነበር። ሰው ሊሞት ሲል ቄስ ከሌለ ማንም ክርስቲያን ውሃ አፍስሶ ማጥመቅ እንደሚችል ሳያስተምረው ቀርቶ አይደለም። አባዬም ያውቀዋል፤ በልጅነቱ በቃሉ ወጥቶት ተሸልሞበታል። ግን ድንጋጤ ያንን ሁሉ ከጭንቅላቱ ጠራርጎ ወሰደበት። ሽማግሌው አልወቀሰውም። ቢወቅሰው ይሻለው ነበር መሰለኝ።

ትልቁ አባ ሲመለሱ እንባቸው መጣ፣ ሕጉ ግን ሕግ ነው አሉ። ያልተጠመቀች ነፍስ በተባረከው መቃብር ቦታ አትገባም፣ ከአጥሩ ውጭ ነው የምትቀበረው። አጥሩ ውጭ ደግሞ ከብት የሚያልፍበት፣ ሰው ቆሻሻ የሚጥልበት ነው። አባዬ ሕፃኗን በሳሙና ካርቶን ይዞ ቆሞ እያለ ካቴኪስቱ ክንዱን ያዘና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወሰደው፣ ዕቃ ቤቱ ጋ፣ የቄሱ ልብስና ጽዋው የሚቀመጥባት ትንሿ ክፍል ማዕዘን ላይ። የጠፈጠፉን መስመር አሳየው። እዚህ ቅበራት፣ አለው። የቤተ ክርስቲያኗን ጣሪያ ነክቶ የሚወርደው ውሃ ሲነካት ይኖራል፤ ጥምቀት ነው አልልህም፣ ግን ከሌላ ውሃ አንድ አይደለም። ይሄን ነገር ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ምናልባት ከነዚያ ከሩቅ አገር አባቶች ሰምቶት ይሆናል፣ ምናልባትም ለአባዬ አዝኖለት ከራሱ አውጥቶት ይሆናል። ሁለቱ ቆፈሩ፣ ቀበሯት፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረጉበት። ለትልቁ አባ አልተነገራቸውም። ካቴኪስቱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ዝናብ ሲጀምር ጨርቁን መርፌ ስር እንዳለ ትታው ትወጣለች። ደንበኞቿ ሰፊዋ ዝናብ ነፍሷ ነው እያሉ ይስቁ ነበር፤ አንዷማ ያለቀላትን ቀሚስ ልትወስድ መጥታ ባዶ ቤት አግኝታ፣ እቺ ሴት ዳክዬ ናት እንዴ ብላ ሄዳለች። እማዬ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቆማ ጠብታው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ታያለች። እኔም ስወለድ በጀርባዋ፣ በኋላም በእግሬ አብሬያት ሄጃለሁ። ትንሽ ካፊያ ከሆነና ጠፈጠፉ ካልመጣ ፊቷ ይጠቁራል። ደህና ዘንቦ ከሆነ፣ ዛሬ ነካት፣ ትላለች፣ ሌላ ምንም። ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ያየናል፣ በዓይኑ ይጠይቃታል፣ እሷም ራሷን ትነቀንቅለታለች። ስለ ልጅቷ የሚያወሩት ይቺኑ ብቻ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ እኔ አደግኩ፣ ትልቁ አባ ሞቱ፣ አዲሱ አባ መጡ። ወጣት ናቸው፣ በሞተር ሳይክል ነው የሚሄዱት፣ ሲቀድሱ ይቸኩላሉ፣ ለታመመ ሰው ግን አይቸኩሉም። በመጡ በመጀመሪያው ክረምት የኋላውን ግድግዳ አዩት። ጠብታው መሬት እየመታ የሚረጨው ጭቃ ልስኑን አርግፎታል፤ ጡቡ ታች ታቹ እንደ ዳቦ ተበልቷል። ግንበኛውን ጠሩት። ግንበኛው የአባዬ የልጅነት ጓደኛ ነው፣ ቀልድ ካላወራ ሚስማር የማይመታ ሰው። ጣቱን ግድግዳው ውስጥ እስከ አንጓው ሰደደና፣ አባ፣ ይሄ ግድግዳ የቆመው በጸሎት ነው አላቸው። መፍትሔው አሸንዳ ነው፤ ካልሆነ ከሁለት ክረምት አያልፍም።

ምዕመኑ ላሜራ አዋጣ። ማን ይሥራው የሚባል ጥያቄ እንኳን አልተነሣም። አባዬ እሺ አለና አልሠራም። መጀመሪያ ላሜራው ሳስቷል አለ። ቀጥሎ ትከሻዬን ይወጋኛል። ከዚያ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ተርብ ጎጆ ሠርቷል፣ ይብረርልኝ። ግንበኛው ከቅዳሴ በኋላ ሰው መሃል ያዘው።

«አንተ ሰው፣ የሴተኛ አዳሪዋን ቤት ሳይቀር አሸንዳ አልብሰህ የእግዜርን ቤት ራቁቷን ትተዋለህ?»

ሰው ሳቀ። አባዬም ሳቀ፣ ከጆሮው እስከ ጆሮው። ቤት ገብቶ ግን ምሳውን አልነካም።

ያን ቀን ነው ነገሩ የወጣው። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። አባዬ ለእማዬ፣ ግድግዳው ከወደቀ እኮ እሷም ላይ ነው የሚወድቀው፣ አላት። ቤተ ክርስቲያኗ ከፈረሰች ጠፈጠፉም የለም። ደህና አድርጎ አስረዳት፣ እውነቱንም ነው። ለአዲሱ አባ እንንገራቸው አላለም፣ እሷም አላለችም። ለቄስ ከተነገረ አውጡና ከአጥሩ ውጭ ውሰዷት ይባላል ብለው ነው የሚፈሩት፤ ትልቁ አባ ያሉት ከሁለቱም ጆሮ አልወጣም። እማዬ የምትሰፋውን አስቀመጠች።

«ያን ቀን ውሃ ቤት ውስጥ ነበር» አለችው።

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ተናግራው አታውቅም። አባዬ አልሰማሁም ቢል ያምርበት ነበር፣ ጆሮው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ግን ሰምቷል።

«አሁን ደግሞ የሰማዩንም ልትከለክላት ነው?»

ተነሥቶ ወጣ። ሱቁ ገብቶ እስኪመሽ ቀጠቀጠ።

አሸንዳው በዚያው ሳምንት ተሰቀለ። ሰው ሁሉ አመሰገነው፣ አባም ከቅዳሴ በኋላ በስሙ ጠርተው አጨበጨቡለት። ቤት መጥቶ ለእማዬ የነገራትን ሌላ ሰው አያውቅም። ከድንጋዩ ትክክል በላይ፣ ላሜራው ወለል ላይ፣ በትንሽ ሚስማር በስቶ ቀዳዳ ትቷል። ደግሞ አሸንዳ ሁልጊዜ ወደ ማውረጃ ቱቦው ነው ማዘንበል ያለበት፣ ውሃው እንዳይቆም። አባዬ ግን ያኛውን ጎን ለዓይን በማይታይ ልክ ወደ ቀዳዳው አዘነበለው፤ ካፊያም ቢሆን መጀመሪያ እዚያ እንዲደርስ። ከእንግዲህ ትንሽም ቢዘንብ ይነካታል፣ አላት። ድሮ ከነበረው ይበልጣል። ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ ነበር። እማዬ እጁን ያዘችው። እጁን ስትይዘው ያየሁት ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ ልክ እሱ እንዳለው ሆነ። በካፊያው ሁሉ ጠብ ጠብ ይላል፣ እማዬ ትሄዳለች፣ ደስ ብሏት ትመለሳለች። ግድግዳውም ደረቀ፣ ግንበኛው አዲስ ልስን ለሰነው።

ክረምቱ ሲበረታ አባዬ ከተማ ውስጥ አልነበረም። ሌላ ከተማ ትልቅ የእህል መጋዘን ጣሪያ ተሰጥቶት እዚያ ከረመ። እዚህ ደግሞ ከጎን ካለው ዛፍ የረገፈው ቅጠል የቱቦውን አፍ ደፈነው። የዚያ ጎን ውሃ በሙሉ መውጫ ሲያጣ ወዳዘነበለበት ሄደ። ሚስማር የበሳው ቀዳዳ ክብደቱን አልቻለም፣ ጠርዙ ተቀደደ። እኔና እማዬ በሄድንበት ቀን ጠብታ አይደለም የሚወርደው፣ እንደ ገመድ የተፈተለ ውሃ ነው። ከስሩ ኩሬ ሠርቷል፤ ድንጋዩ አይታይም፣ መሬቱም አይታይም። ኩሬው እየሞላ ከግቢው በሚወጣው ቦይ ወደ ታች ይፈስሳል፣ ድፍርስ። እማዬ ሻርፗን ራሷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

«እዪ» አለችኝ፣ «ዘንድሮስ ጠገበች።»

ዝናቡ አላባራም። አንድ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት የዕቃ ቤቱ ማዕዘን ወደቀ። አባ ልብሳቸውን ሊለብሱ ቁልፉን ከኪሳቸው እያወጡ ነበር፤ ትንሽ ቀደም ብለው ቢገቡ እሳቸውንም ይዟቸው ይሄድ ነበር። ሰው ምንድን ነው ብሎ ሲወጣ ግማሹ ግድግዳ የለም። የልብሱ ቁም ሳጥን በአፉ ጭቃ ውስጥ ተደፍቷል፣ የጣሪያው ጠርዝ እንደ ተሰበረ ክንፍ ተንጠልጥሏል። ከማዕዘኑ ስር መሬቱ ሰው የሚያቆም ጉድጓድ ሆኗል። ውሃው መሠረቱን ከስር ሲልሰው ከርሟል ማለት ነው። ግንበኛው ጽዋውን ከጭቃው ውስጥ ፈልጎ አወጣና በሸሚዙ እየጠረገ ሽቅብ አየ። የተቀደደውን አሸንዳ አየና ሳቀ።

«ጋሽ አሸንዳ አርጅቷል ጎበዝ፣ ሚስማሩን ነቅሎ ቀዳዳውን ረስቶታል» አለ።

እማዬ ሰው መሃል ቆማለች። ጉድጓዱን አይደለም የምታየው፣ ቦዩን ነው።

አባዬ ቀትር ላይ ደረሰ። ሬዲዮ የለው፣ ስልክ የለው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው መንገድ ላይ የነገረው። የዕቃ ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ተንበረከከና በእጁ መፈለግ ጀመረ። ሰው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚፈልግ መስሎት፣ ተወው ጋሼ፣ ጽዋው ተገኝቷል፣ ይሉታል። አይሰማም። ጠፍጣፋው ድንጋይ ከቦታው ተንሸራትቶ ግድግዳው ፍርስራሽ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ከስሩ ምንም የለም። ጠጠር ብቻ፣ ታጥቦ የነጣ ጠጠር። ከዚያ ቦዩን ተከትሎ ወረደ፣ እያንዳንዱን የጭቃ ክምር እየበረበረ፤ ተመልሶ ደግሞ እንደገና ጉድጓዱ ገባ። ጥፍሩ ደምቷል።

አባ ወደ ጉድጓዱ ወረዱና ትከሻውን ይዘው፣ ምንድን ነው የሚፈልጉት ጋሼ፣ አሉት። አባዬ በጆሯቸው ሊነግራቸው ጠጋ አለ። ግን ድምፁ ያው ድምፁ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ያልተወራው ነገር በአንድ ጊዜ ግቢውን ሞላው፤ እንስራው፣ የሳሙናው ካርቶን፣ ካቴኪስቱ ያለው፣ ሚስማሩ፣ ሁሉም።  ግንበኛው ቆቡን አወለቀ። ከዚያን ቀን በኋላ ከአባዬ ጋር ሲሆን ቀልድ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ ያም ራሱ አባዬን የጎዳው ይመስለኛል።

አባ ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

«ምነው ብትነግሩኝ» አሉ። «ያ ሕግ ከቀረ እኮ ቆየ። ዛሬ እንደሷ ላሉት ሕፃናት ጸሎት አለን፣ ቦታም አለን። በመጣሁበት ቀን ብትነግሩኝ በማግስቱ መቃብር ቦታው ውስጥ እናሳርፋት ነበር።»

ይሄን አባዬ ሰምቶት እንደሆነ አላውቅም። እማዬ ግን ሰምታዋለች፣ ምክንያቱም ያኔ ነው ወደ ቦዩ መራመድ የጀመረችው፣ ሁለት ሴቶች ነን የያዝናት።

በኋላ አባ ቤታችን መጡ። ከጉድጓዱ አፈር በሣጥን አድርገን በክብር እንቅበር፣ ስም እንስጣት፣ አሉ። አባዬ ሣጥኑን ሊሠራ ተነሥቶ ነበር። እማዬ እምቢ አለች። በትሕትና ነው፣ ቄስ ፊት ድምፅ አውጥታ አታውቅም።

«አባ፣ እዚያ የቀረው አፈር እኮ እሷ ያልሆነው ነው» አለች። «እሷማ ሄደች።»

አባ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ግድግዳው በድንጋይ ተሠራ። ያ ሁሉ ሲነካካ አሮጌው ቆርቆሮም አላገለገለም፣ ስለዚህ ሦስተኛው ጣሪያ መጣ። አባዬ አሸንዳውን ሠራ። ሌላ ሰው ይሥራው የሚሉ ነበሩ፣ ግንበኛው ነው ዝም ያሰኛቸው። ሲሠራ በየቀኑ አየሁት። እያንዳንዱን ብየዳ ውሃ እያፈሰሰ ይፈትናል፣ ደርቆ ያድርና ደግሞ ይፈትናል። በዚያ ክረምት አንድ ጠብታ ከየትም አልወረደም። ያንን የጠጠር መስመር ሣር ዋጠው። እማዬ ዝናብ ሲመጣ መስፋቷን አታቋርጥም፤ ደንበኞቿ ልብሳቸው በቀጠሮው ቀን እየደረሰላቸው ነው፣ ደስ ብሏቸዋል። አባዬ አሁንም ከሱቁ ደጃፍ ይወጣና መንገዱን ያያል። የሚመጣ ሰው የለም።

በጋ ሲገባ ነው እማዬ ከራሷ ተነሥታ አባን ያናገረቻቸው። ለልጄ የሚደረገውን ጸሎት አድርጉልኝ፣ አለች፣ ግን በሄደችበት። አራታችን ወጣን፤ አባ፣ አባዬ፣ እሷ፣ እኔ። ቦዩን ይዘን ወረድን። ከከተማው በታች የሰዎች ጓሮ አለ፣ ከዚያ ቦዩ ሁለት ቦታ ይከፈላል፣ አንዱ ሸንበቆ ውስጥ ይጠፋል። ሌላው ወንዙ ይገባል። ወንዙ በበጋ ቀጭን ነው፤ አብዛኛው አሸዋና ድንጋይ፣ ወዲያ ማዶ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። አባዬ ወደ ሸንበቆው ያያል፣ ወደ ወንዙ ያያል፤ የውሃን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው፣ ይሄን ግን አላወቀውም። አባ መጽሐፋቸውን ከፈቱ። ልብሳቸውን አስተካከሉና እንድንቀርብ በእጃቸው ጠሩን። እኔና አባዬ ጠጋ አልን። እማዬ ባለችበት ቀረች። አንድ እርምጃ ወደ ሸንበቆው ተራመደች፣ ተመለሰች፣ ወደ አሸዋው ሄደች። ከዚያ እግሯን አንሥታ የምታሳርፍበት ያጣች ይመስል ቆመች፣ ልጇን እንዳትረግጣት የፈራች ይመስል።

«አባ፣ የት ልቁም?» አለቻቸው።

አባ መጽሐፉን ይዘው ዙሪያውን አዩ። አባዬ ምን አለች ብሎ ወደኔ ዞረ። እማዬ ጫማዋን አወለቀችና ውሃው ውስጥ ገባች፣ እዚያ ሆና ጸሎቱን ጠበቀች።